ሎሚም ትሳፈራለች

ጂቱ ገረሱ በሃያ ሁለት ዓመቷ ሁለት ነገር ያለጥርጥር ታውቅ ነበር፤ የምትወደውን ሰውና የማትተዋትን ልጅ። ችግሩ ሁለቱን በአንድ በቅሎ ላይ አስቀምጦ ለማሳለፍ የሚፈቅድ ሰው መጥፋቱ ነበር።

ልጅቱ ሎሚ ትባላለች። ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። አባቷ ፉፋ እሷ ልትወለድ ሁለት ወር ሲቀራት በንዳድ ሞተ። ጂቱ የሐዘን ልብሷን አውልቃ፣ የካ ተራራ ሥር በአባቷ ቤት ልጇን ስታሳድግ ሳለች ነው ወልደ ሐዋርያት የሚባል ወጣት ጸሐፊ ከእንጦጦ ወርዶ ደጃቸው ላይ የቆመው። የመጣው ለፍየል ቆዳ ነበር። ንጉሡ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ ከቆረቆሩ ጥቂት ዓመት ሆኗል፤ አዳዲሶቹ ደብሮች መጽሐፍ ይፈልጋሉ፣ መጽሐፍም ብራና ይፈልጋል፣ ለብራና ደግሞ ከአባ ገረሱ ፍየሎች የሚሻል ቆዳ በአካባቢው አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን ቆዳውን አገላብጦ አየ። በሁለተኛው ቀን እጁ ቆዳውን ሲያገላብጥ ዓይኑ ጂቱ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሎሚ ድክ ድክ ብላ ሄዳ ጉልበቱን ተደግፋ ቆመች፤ ቀለም የነካውን ጣቱን ያዘችና አልለቅም አለች። እሱም የመጣበትን ረሳው። አባ ገረሱ ይህን ለጎረቤት ሲያወሩ፣ ሰውየው ከዚያ ወዲህ ለቆዳ እንደማይመጣ ፍየሎቹም ገብቷቸዋል ይሉ ነበር።

ይሁን እንጂ ወልደ ሐዋርያት የተራ ሰው ልጅ አልነበረም። አባቱ የደብር አለቃ ሆነው የሞቱ ናቸው። እናቱ ወይዘሮ የማርያምወርቅ በእንጦጦ የሚታወቁ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ባለርስት ናቸው። ለአንድ ልጃቸው ያሰቡት የባላባት ልጅ እንጂ የየካ ፍየል አርቢ ልጅ፣ ያውም ባሏ የሞተባትና ሕፃን ያዘለች ሴት አልነበረም። ሽማግሌ ስንት ጊዜ ወጣ፣ ስንት ጊዜ ወረደ። ከክረምቱ በኋላ በመጨረሻ እሺ አሉ፤ እሺታቸው ግን እንደ ኅዳር ውርጭ ነበር።

በእሺታው ላይም አንድ ነገር ጨመሩ። ከሠርጉ በፊት ቤተ ሰቡ በሙሉ ወደ ዝዋይ ይወርዳል። የጂቱ ወገኖች ደምበል በሚሉት በዚያ ሐይቅ መካከል ደሴት አለ፣ ደሴቱም ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ወይዘሮ የማርያምወርቅ እዚያ የሚያገቡት የቆየ ስለት አላቸው። መንገዱ በቅርቡ ሰላም ሆኗል። ሙሽራይቱም ትምጣ ተባለ። ሕፃኗ ግን ከአያቷ ጋር ትቅር፤ ሕፃን በውኃ ላይ አይወሰድም።

ጂቱ ይህን ከሽማግሌዎቹ አፍ ስትሰማ በአክብሮት እስከ ደጅ ሸኘቻቸው። በልቧ ግን መልሱን ጨርሳ ነበር። ዛሬ ለመንገድ የቀረ ልጅ ነገ ለኑሮም ይቀራል።

ጉዞው ለሐሙስ ተቆርጦ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ቱሉ የሚባለው የወይዘሮ የማርያምወርቅ አሽከር ደብዳቤ ይዞ መጣ። ጂቱ ፊደል አልቆጠረችም። ሎሚን አዝላ ወደ ደብሩ ቄስ ሄደች። ቄሱ ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው፣ ድምፃቸውን ጠርገው ጀመሩ። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ የአባቷን ጤና፣ የፍየሎቹን ጤና፣ የሎሚን ጥርስ ሁሉ ጠየቀ። ጂቱ ሳታውቀው ፈገግ አለች።

“የጉዞው ቀን ሐሙስ ስለ ሆነ ይህን ጻፍሁልሽ” አሉ ቄሱ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ። “ሕፃኗን ይዘሽ አትምጪ…”

ጂቱ ተነሣች። ይበቃኛል አለች። ቄሱ ገና ብዙ መስመር እንደ ቀረ ሊያስረዷት ሞከሩ፤ እሷ ግን ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀብላ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው፣ እጃቸውንም ስማ ወጣች። ወደ ቤቷ ስትወርድ ሎሚ ከጀርባዋ ሆና እንደ ወፍ ትንጫጫ ነበር። ጂቱ አላለቀሰችም። እናቱ እንዲህ ቢሉ አይገርማትም ነበር። እሱ ግን ያንን ጣቱን ለሎሚ ሰጥቶ ሲያበቃ እንዲህ ማለቱ ደረቷ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክቶ፣ በተነፈሰች ቁጥር ይወጋት ጀመር።

አባ ገረሱ ነገሩን ሰሙ። በሰው አፍ የተነበበ ወረቀት ግማሽ ነው፣ ወጥተሽ ከራሱ አፍ ስሚ አሏት።

“አባኮ፣ ልሰማ አይደለም የምወጣው” አለች ጂቱ። “ቃሉን ልመልስለት ነው።”

ሐሙስ ገና ጎህ ሳይቀድ ሎሚን በአንቀልባ አዝላ ዳገቱን ተያያዘችው። ከጥዱና ከወይራው መካከል ጉሙ አልተነሣም ነበር። እንጦጦ ስትደርስ በወይዘሮ የማርያምወርቅ ግቢ በቅሎዎች ይጫናሉ፤ ወይዘሮዋ ካባቸውን ደርበው ከደጃፉ ቆመው ያዝዛሉ። ወልደ ሐዋርያት በቅሎውን ሊፈታ ጎንበስ እንዳለ አያትና ደንግጦ ቀና አለ።

ጂቱ ንግግሯን በመንገድ ላይ አዘጋጅታ ነበር። ከፊቱ ቆማ ወረቀቱን ከመቀነቷ አውጥታ ዘረጋችለት። “ቃልህን መልሼልሃለሁ” አለችው። “እኔና ልጄ አንድ ነን። አንዳችንን የማይፈልግ ሁለታችንንም አያገኝም።”

ወልደ ሐዋርያት ወረቀቱን አልተቀበለም። ፊቷን ትኩር ብሎ አየ። “ሁሉንም አስነብበሽዋል?” አላት።

“የሚበቃኝን ሰምቻለሁ።”

ያን ጊዜ ወረቀቱን ወሰደ። እናቱ አሥር ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመው እያዩት ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ አነበበው። “ሕፃኗን ይዘሽ አትምጪ፤ ዳገቱ ከባድ ነው፣ ብርዱም ይጎዳታል። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ እኔ ራሴ ወርጄ ሁለታችሁንም ከአባትሽ ደጅ እወስዳችኋለሁ። ለእናቴ ገና አልነገርኋቸውም፤ በቅሎዬ ላይ ሲያዩዋት ያውቃሉ። ሎሚ ከቀረች እኔም እቀራለሁ።”

ጂቱ ዓይኗን ወደ በቅሎው መለሰች። ከኮርቻው ፊት ለፊት ከበግ ለምድ የተሰፋ ትንሽ መቀመጫ ነበር፤ ዙሪያው በጥጥ ተሞልቶ፣ እግር የሚወጣበት ቀዳዳ ተትቶለት። የተሰፋው በብራና ጠራዥ ክር ነው። ስንት ምሽት እንደ ፈጀበት ከስፌቱ ይታያል።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ልጃቸውን አዩ፤ መቀመጫውን አዩ፤ ሕፃኗን ግን አላዩም። “እስከ ሐይቁ ዳር ትምጣ” አሉ በመጨረሻ። “ከሐይቁ ዳር ወዲያ የእኔ ቃል ነው የሚሠራው።” ይህን ብለው ወደ በቅሏቸው ሄዱ።

ወልደ ሐዋርያት ሎሚን ከጂቱ ጀርባ ተቀብሎ መቀመጫው ላይ አስቀመጣት፤ ልክክ አለች። ከዚያ ጂቱን ሳያያት፣ “መጨረሻውን ሳትሰሚ ፈረድሽብኝ” አላት በዝግታ።

“ፈርቼ ነው” አለች። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፊቷ በሀፍረት ይነድድ ነበር፤ ከሀፍረቱ በታች ግን አንድ ደስታ እንደ ምንጭ ሲፈልቅ ይሰማት ነበርና የቱን ይዛ የቱን እንደምትደብቅ ግራ ገባት።

መንገዱ ስድስት ቀን ፈጀ። ከሕፃን ጋር የሚሄድ ሰው ጥላና ውኃ ባለበት ሁሉ ይቆማል። ሎሚ ስትራብ በሶ በማር ይበጠበጥላታል፣ ስትረጥብ ልብሷ ይለወጣል፣ ስትሰለች ደግሞ ወርዳ በቅሎዎቹን ካልመራሁ ትላለች። የቤቱ አሽከሮች በመጀመሪያው ቀን አጉረመረሙ፤ በሦስተኛው ቀን አዝላታለሁ አዝላታለሁ እያሉ ይከራከሩ ነበር።

ወልደ ሐዋርያት ለጂቱ ትሑትና ቁጥብ ሆነ። ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ሲያያት ግን ዓይኑ ቶሎ ይሸሻል። የተጎዳው በደብዳቤው አለመነበብ እንዳይደለ ታውቃለች። በእሱ ላይ ክፉውን ለማመን አንድ መስመር ስለ በቃት ነው የተጎዳው። ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ አፏን ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው።

ወይዘሮዋም አንድ ነገር ያደርጉ ነበር። አቃቂን ሲሻገሩ፣ ሞጆን ሲሻገሩ፣ አዋሽንም ሲሻገሩ፣ የልጃቸው በቅሎ ሎሚን ይዞ ወንዙ ውስጥ ሲገባ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ጂቱ ይህን እያየች ጥርሷን ነከሰች። ልጄን ለማየት እንኳ ይጸየፋሉ አለች በልቧ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሎሚ በበቅሎው እርምጃ ተወዝውዛ ወልደ ሐዋርያት ደረት ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ እስከ ማደሪያቸው ድረስ እንዳትነቃ ብሎ ክንዱን አላንቀሳቀሰም። ሲወርድ ክንዱ ደንዝዞ ልጓም መያዝ አቃተው። ጂቱ መጥታ ክንዱን በሁለት እጇ ይዛ ደሙ እስኪመለስ አሸችለት፤ እሱም አልሸሸም።

“እንግዲህ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ” አለችው ቀና ሳትል።

እሱም ክንዱ ከዳነ በኋላ ከእጇ ውስጥ አላወጣውም። የእጁ ሙቀት ለእሷ በቂ መልስ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ማለዳ ሐይቁ ዳር ቆሙ። ውኃው ያለ አንድ ሽብሽብ ተዘርግቶ ነበር፤ ደሴቱ ከሩቅ እንደ ደመና ይታያል። ፊላ ከሚባለው የሐይቅ ዳር ቄጠማ የታሰሩ ሁለት ታንኳዎች ዳር ላይ ቀርበዋል። ሰቦቃ የሚባሉት ሽማግሌ ቀዛፊ፣ ነፋሱ ከቀትር በኋላ ስለሚነሣ ቶሎ እንሳፈር አሉ።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ በነጭ ሸማ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ቆሙ፤ ለታቦቱ የተሳሉት ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ ነው። “ሕፃኗ እዚህ ትቆያለች” አሉ። “ቱሉ አብሯት ይቀመጣል።”

“እንግዲያውስ እኔም እቆያለሁ” አለ ወልደ ሐዋርያት። “ስለቱን ያለ እኔ ያግቡ፣ እምዬ።”

“ስለቱ ስለ አንተ ነው።”

ወልደ ሐዋርያት ግራ ተጋብቶ አያቸው። ወይዘሮዋ ዓይናቸውን ውኃው ላይ እንደ ተከሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለሐይቁ የሚነግሩ ይመስል ተናገሩ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከጎጃም ወደ ሸዋ ሲመጡ ነው። ዓባይን የተሻገሩት በነፋስ በተሞላ አቁማዳ ላይ እንጨት ታስሮ ነበር። ወልደ ሐዋርያት አምስት ዓመቱ ነው። እኅቱ አስካለ ገና ዓመት ከመንፈቋ ነበር። እሱ እኅቱ በፈንጣጣ እንደ ሞተች ነው ሲሰማ ያደገው።

“በአንድ እጄ አንተን ይዤ ነበር፣ በአንድ እጄ እሷን” አሉ። “መሻገሪያው ሲገለበጥ አንዱን እጄን ካልለቀቅሁ እንጨቱን መጨበጥ አልችልም። ለቀቅሁ። የትኛው እጄ እንደ ለቀቀ አንተ በሕይወት ቆመህ እያየኸው ነው።”

ሰቦቃ መቅዘፊያቸውን ተደግፈው አንገታቸውን ደፉ። ጂቱ አቃቂን፣ ሞጆን፣ አዋሽን አሰበች፤ ያ ፊት ሲዞር ያየችው በጥላቻ እንዳልነበረ አሁን ገባት። ለሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ሰውን በግማሹ አንብባዋለች። ይህን ጊዜ ግን አፍራ አልቆመችም፤ የሚደረገውን አወቀች።

የአንቀልባውን ጠፍር ፈታች። ሎሚን አወረደቻትና ወደ ወይዘሮዋ ሄደች።

“እሜቴ፣ ወልደ ሐዋርያት አድጓል፤ ራሱን ይይዛል። ዛሬ የሚያዝ አንድ ልጅ ነው ያለው። ሁለቱም እጅዎ ለሎሚ ነው።”

ወይዘሮዋ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሹ። “ለእኔ? ይህን ከነገርሁሽ በኋላ?”

“ከነገሩኝ በኋላ ነው እንጂ” አለች ጂቱ። “እርስዎን ያህል የሚፈራላት ሰው የለም። ከእርስዎ የተሻለ የሚይዛት አላውቅም።”

ሎሚ የትልልቆቹ ንግግር የሰለቻት ይመስል፣ ክንዷን ዘረጋችና የወይዘሮዋን ማተብ ጨበጠች። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ጃንጥላውን ለቱሉ ሰጡ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን እንደ እንግዳ ነገር አይተው፣ ቀስ ብለው ዘረጉ። ሕፃኗ ደረታቸው ላይ ስታርፍ ሃያ ሁለት ዓመት ታምቆ የኖረ አንድ ትንፋሽ ወጣቸው። ጂቱም ባዶ እጇን አጣጥፋ ቆማ፣ ልጇን ሰጥታ እንዳላጣቻት፣ ይልቁንም ለልጇ አያት እንዳተረፈችላት ተሰማት።

ታንኳው ዝቅ ያለ ነው፤ ውኃው ከፊላው መካከል እየገባ ቀሚስ ያረጥባል። ወይዘሮዋ መካከል ላይ ተቀመጡ፣ ቱሉ ከፊት፣ ጂቱና ወልደ ሐዋርያት ከኋላ። ጂቱ ነጠላዋን ከሎሚ ወገብ ወደ ወይዘሮዋ ወገብ አዙራ አሰረችው። ሎሚ ለፍርሃት ጊዜ አልነበራትም። ውኃውን በመዳፏ መታች፣ ይብራ የሚባለው የውኃ ወፍ በክንፉ ውኃውን ሲቆርጥ አይታ ጮኸች፣ የቱሉን የዝንብ ጭራ ከእጁ ነጥቃ ሐይቅ ውስጥ ጣለችው። ቱሉ ጭራው ሲንሳፈፍ በትካዜ ሲያይ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ሳቁ። ወልደ ሐዋርያት የእናቱን ሳቅ ከሰማ ስንት ዘመኑ እንደሆነ ያሰበ ይመስል ዓይኑ ፈጠጠ።

መንገዱ ሲጋመስ ግን ነፋሱ ከቀጠሮው ቀድሞ ተነሣ። ታንኳው ይነሣ ይወድቅ ጀመር። ፍንጣሪው ከጎን፣ ፀሐዩ ከላይ ሲመጣባት ሎሚ አምርራ አለቀሰች። ጂቱ እጇን ልትዘረጋ አለችና ወልደ ሐዋርያት ክንዷን ያዘ፤ “እያቸው” አላት በሹክሹክታ።

ወይዘሮዋ ፊታቸው አመድ መስሏል። ግን ክንዳቸው እንደ ቀለበት ሕፃኗን ዙሪያዋን ይዟት ነበር። ጃንጥላውን ፍታው አሉ ቱሉን። ቱሉ ፈራ። ወልደ ሐዋርያትም ለታቦት የተሳለ መሆኑን ከኋላ አስታወሳቸው።

“ማርያምም ልጅ ይዛ ተሰድዳለች” አሉ ዞር ሳይሉ። “ጥላ ለሕፃን እንዴት እንደሚያስፈልግ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ክፈተው።”

የወርቅ ዘርፉ በነፋስ እየተወናጨፈ ጃንጥላው ከሎሚ በላይ ተዘረጋ። ወይዘሮዋ እሹሩሩ ማለት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ድምፃቸው ተሰበረ፣ ከዚያ ቀና። ሕፃኗ ዘርፎቹን በዓይኗ እየተከተለች ዝም አለች፤ ጥቂት ቆይታም ራሷን ደረታቸው ላይ ጣለች። ሰቦቃ ከሁሉም ኋላ ሆነው እየቀዘፉ፣ የከፋው አልፏል አሉ። እውነትም ደሴቱ ቀርቦ ነበር፤ ድንጋዩና ዛፉ ተለይቶ ይታያል።

ወልደ ሐዋርያት ክንዷን አሁንም አልለቀቀም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

“ሽማግሌ የላክሁት ወደ አባትሽ ነው” አላት። “እናቴንም ለምኜ አሳመንሁ። ለሰው ሁሉ ተናገርሁ፤ ደብዳቤም ጻፍሁ። አንቺን ግን አንድ ቀን እንኳ በአፌ አልጠየቅሁሽም።”

ጂቱ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። “አሁን ጠይቀኝ” አለችው። “እስከ መጨረሻው እሰማሃለሁ።”

ጠየቃት። ጸሐፊ ቢሆንም ቃሉ አላማረለትም፤ ተደናቀፈ፣ መልሶ ጀመረ፣ የሎሚን ስም ከእሷ ስም አስቀደመ። ጂቱ አላቋረጠችውም። ጨርሶ ዝም ካለ በኋላም ትንሽ ቆየች፤ ያልተናገረው የቀረ ነገር እንዳለ ለማወቅ ዓይኑን መረመረች። ምንም አልቀረም።

“ኤዬ” አለችው በእናቷ ቋንቋ። በየካ ደጃፍ ስንት ወር ሲመላለስ ያን ቃል ተምሮት ነበርና አዎ ማለት መሆኑን ማንም ሊተረጉምለት አላስፈለገም። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አልደበቀውም።

ጂቱ ትከሻዋን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ከሥራቸው የፊላው ታንኳ ይዋልላል፣ ውኃው ቀሚሷን ያረጥባል፣ ነፋሱ ፀጉሯን ይበትናል። እሷ ግን ከተወለደች ጀምሮ በየትኛውም ደረቅ መሬት ላይ እንደዚያች ሰዓት ጸንታ ተቀምጣ እንደማታውቅ ተሰማት።